የሙቀቱ ጥፋት

ሰመራ ውስጥ እንደ ሙቀት ስሙ የጠፋ የለም። ሠራተኛ ቢሮ ካልገባ ሙቀት ነው፤ ስብሰባ ሳያልቅ ከተበተነ ሙቀት ነው፤ ባልና ሚስት ተኳርፈው ካደሩም ያው ሙቀት ነው። እኔ ራሴ ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቼ እዚህ ከገባሁ ወዲህ ስንቱን ስንፍናዬን እንደጫንኩበት የማውቀው እኔ ነኝ። ምስኪን፣ አፍ የለው፣ ጠበቃ አያቆም። የሰው ነፍስ የሚያህል ነገር ሲያሳብቡበት ግን አይቼ አላውቅም ነበር። አየሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የምሠራው አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የምኖረው ደግሞ ተማሪዎች ክፍል ክፍል ተከራይተው ከሚኖሩበት ግቢ ስለሆነ፣ ሥራ ቦታ "ዝም በሉ" ስላቸው የዋልኳቸው ልጆች ቤት ስገባ በግድግዳ በኩል ይበቀሉኛል። "ማዘር" ነው የሚሉኝ። ጨው ሲያልቅባቸው ማዘር፣ ራሳቸውን ሲያማቸው ማዘር። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የሚጋሩት ሰዓዳና ሐናን ናቸው። ሰዓዳ የአዋሽ ልጅ ናት። አባቷ ሐጂ ኡመር የጅቡቲን መንገድ በቦቴ የሚመላለሱ ሹፌር ናቸው፤ በሰመራ ባለፉ ቁጥር መኪናቸውን ዳር ያስይዙና ለልጃቸው አንድ ጭነት ምክር አራግፈውላት ይሄዳሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፈተና አለቀ ተብሎ ግቢያችን ጥግ ባለችው ሰፊ ክፍል ድግስ ተደገሰ። ፈተና የጨረሰ ልጅ አይጨፍር የሚል ሰው ካለ እኔን አይቁጠረኝ። ዘፈን ተከፈተ፣ የማንጎ ጭማቂ በባልዲ ተበጠበጠ፣ ሰዓዳና ሐናንም ጭማቂ ከሆነማ ብለው ገቡ። ታዲያ ከየድግሱ የማይታጣ አንድ ልጅ አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ስሙን ልተወውና ጓደኞቹ እንደሚጠሩት "አዝናኙ" ልበለው። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ሐናን ናት። ሰዓዳ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ስልክ ልታነሳ ወጣ ስትል፣ አዝናኙ አረቄ ጨመረበት፤ እሱ አልበቃው ብሎ የተፈጨ የእንቅልፍ ክኒን አከለበት። ሐናን አይታ ብርጭቆውን ልትቀማው ስትል ገፈተራትና ክርኗ ከበሩ ብረት ጋር ተላተመ። ተሳቀ። "አታካብጂ፣ ጨዋታ ነው" አሏት። እያለቀሰች ክርኗን ውሃ ልታስነካ ቧንቧው ጋ ስትሄድ፣ ሰዓዳ ተመልሳ ብርጭቆዋን አነሳች። ክፍሉ ሙሉ ሰው ነበር። አንድ ሰው "ተይው" አላላትም።

እኔ የደረስኩት ዘፈኑ ድንገት ሲቋረጥ ነው፤ እኛ ግቢ ውስጥ የሚያስደነግጠው ጩኸት ሳይሆን ዝምታ ነው። ሰዓዳ ፍራሽ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። አፏ ዳር ትውከት አለ፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። አንዱ በካርቶን ያራግብላታል፣ ሌላው እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ ያደርጋል። "ሙቀት ነው ማዘር፣ ትንሽ ትተኛና ትነሳለች" አሉኝ፣ አብረው እንዳጠኑት። ትተኛ! በጀርባው የተኛ ሰው የገዛ ትውከቱ ሊያፍነው እንደሚችል የሚነግራቸው ጠፍቶ ነው? ወይስ ያን ሁሉ ዓመት የተማሩት ማራገብ ብቻ ነው? በጎኗ አዞርኳት። ስሟን ብጠራት አትሰማም። ባጃጅ አስጠርቼ ከሐናንና ተንጫጭተው ከተከተሉን ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ሐኪም ቤት በረርን።

ሐኪሙ ምን እንደወሰደች ጠየቀ። "ምንም፤ ሙቀት ነው" አሉ ልጆቹ። ደግሞ ጠየቀ። ደገሙለት። የሐናንን ክርን አይቶ እሷስ ምን ሆና ነው ቢላቸው፣ ከደረጃ ወድቃ ነው አሉት። ግቢያችን ውስጥ ደረጃ የለም።

ሐናንን እጇን ይዤ ኮሪደር አወጣኋት።

"አባቷ አረቄ የሚባል ነገር ከሰሙ ከትምህርት ያስቀሯታል፣ ማዘር" አለችኝ።

"ብትሞትስ ትማራለች?"

ተመልሳ ገባችና ያየችውን አንድ ሳታስቀር ለሐኪሙ ተናገረች። ሰውየው የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ማን ኃጢአተኛ እንደሆነ አልጠየቀም፣ ወደ ሥራው ሮጠ። እናንተ ልጆች፣ ስሙኝ፦ ሐኪም ፊት የሚዋሽ ጓደኛ ገመና አልሸፈነም፣ ጓደኛውን ሊቀብር ነው። ብርጭቋችሁን ከዓይናችሁ አታርቁ። አብራችሁ ከሄዳችሁ አብራችሁ ተመለሱ። ራሱን የሳተ ሰው ብቻውን "ይተኛ" አይባልም።

ሲመሻሽ ሰዓዳ ዓይኗን ገለጠች። በማግስቱ ሐጂ ኡመር ቦቴያቸውን መንገድ ዳር ጥለው ደረሱ። ኮሪደሩ ላይ የተሰበሰቡት ልጆች ያቺኑ ሙቀት አቀረቡላቸው። "ልጄ እኮ አዋሽ ነው የተወለደችው" አሉ ሐጂ፤ "ሙቀት ዛሬ ነው ያገኛት?" እኔ እውነቱን ነገርኳቸው። ቁጣቸውን ስጠብቅ ገብተው አልጋዋ ጫፍ ተቀመጡ።

"አልሐምዱሊላህ። አንቺ ጥፋት የለብሽም፣ ትምህርትሽን ትጨርሺያለሽ" አሏት። ከዚያ በሩ ላይ ወደተኮለኮሉት ልጆች ዞረው የሰጣት ማን እንደሆነ እነሱው እንዲናገሩ ጠየቁ። ሁሉም የየራሱን ጫማ አየ።

ለፖሊስ አመለከቱ። ምስክር ሲፈለግ፣ ከዚያ ክፍል ሙሉ ሰው መካከል ክርኗን በነጠላ አስራ የቀረበችው ሐናን ብቻ ናት። ሌሎቹ አላየንም አሉ፤ ነገሩም እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ኮሌጁም ስብሰባ ጠራ። ስለ ልጁ የወደፊት ሕይወት ብዙ ታዘነ፤ የሰዓዳ የወደፊት ሕይወት አጀንዳ አልተያዘለትም። ስለ ኮሌጁ መልካም ስም ከዚያም በላይ ታዘነ። እኔ ተነስቼ ልጅቷን መርዘዋታል ብል "ስሜታዊ አይሁኑ" ተባልኩ። ስሜታዊ ነኝ! ለዚህ ያልተቆጣሁ ለመቼ ልቆጣ? በመጨረሻ ጉዳዩ ከሙቀቱ ጋር የተያያዘ ድንገተኛ ሕመም መሆኑ ታመነበትና፣ መፍትሔ ይሆን ዘንድ ለቤተ መጻሕፍቱ ትልቅ ማራገቢያ እንዲገዛ በጭብጨባ ተወሰነ።

ማራገቢያው ተሰቀለ። የአብዛኛው ተማሪ ወንበር ወደ እሱ ተሳበ። ሰዓዳ አገግማ የተመለሰች ቀን፣ ውሃዋን በራሷ ጠርሙስ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ገባች። ቀና ብላ ማራገቢያውን አየችና ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣች።

"ይህ መቼ መጣ፣ ማዘር?"

"ላንቺ ነው የተገዛው" አልኳት።

ደግማ ቀና አለች፤ ቀጥሎ ዓይኗን ወደ ታች አወረደች። ደህናው ቦታ ላይ፣ ልክ ከማራገቢያው ሥር፣ አዝናኙ መጽሐፉን ገልጦ ነፋሱን ይቀበላል።

"ለእኔ ከሆነ ታዲያ፣ እሱ ለምን ከሥሩ ተቀመጠ?" አለች።

ቀስ ብላ አይደለም ያለችው። ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ነው። አንባቢው ሁሉ ዞረ። እዚያ ቤት ውስጥ "ዝም በሉ" ማለት የእኔ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለእሱ ነው።

አላልኳትም።