ወይዘሮ ፊሎሚናና የተለያዩ ሰዎች ግብር

አየርላንድ ውስጥ የትኛውም ትንሽ ከተማ ቢገቡ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስት መጠጥ ቤትና የሌላ ሰው ግብር እንቅልፍ የሚነሳት አንዲት ሴት አይጠፉም። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ፊሎሚና ጋርቪ ናቸው።

ባልና ሚስት ሲለያዩ ከጠበቃው ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ማጽናኛቸውም አንድ ነው። ሥጋ ቤት ወረፋ ላይም ይሁን ከቅዳሴ ሲወጣ ጠጋ ብለው፣ «ቅናሹን ወሰድሽው?» ይላሉ። ልጅ ለብቻው ለሚያሳድግ ሰው ከግብሩ ላይ የሚቀነስለትን ማለታቸው ነው። ሴትየዋ ካፈረች ደግሞ፣ ወረፋው ሁሉ እስኪሰማ፣ «መብትሽ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም» ይሏታል።

ፊንታንና ኡና ከተለያዩ ወዲህ አይነጋገሩም ነበር። ልጁ የሚኖረው ከእናቱ ስለሆነ ቅናሹ የኡና ነው፤ ኡና ግን ሥራ የላትም፣ ግብርም አትከፍልም። ክብርትነታቸው አንዱ የሌላውን መምጣት ሳያውቅ ሁለቱንም ሻይ ጠሯቸው።

«ኡና፣ አንቺ ዘንድ ዝም ብሎ እየሻገተ ነው። ልቀቂለት።»

«ለሱ? ጉንፋኔንም አልሰጠው።»

«ጉንፋንሽን ማን ጠየቀሽ። ልጁ እሱ ጋ ብዙ ሌሊት ያድራል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ጫማ ይገዛለታል። አይደል ፊንታን?»

ፊንታን ኬኩን እንደጎረሰ ራሱን ነቀነቀ። ኡና ለቀቀችለት።

አዲስ ወዳጅ የያዘችም አታመልጣቸውም። ደጃፏ ላይ የወንድ ቦት ጫማ ካዩ፣ «ቦቱ ከገባ ቅናሹ ይወጣል፤ ሳይጠይቁሽ ለግብር ቢሮ አሳውቂ» ብለዋት ያልፋሉ።

የልጅ ልጄ ግራንያ ግን አስቸገረቻቸው። ባሏ ጥሏት ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ለጠየቃት ሁሉ «አውስትራሊያ ሥራ ሄዷል» ትላለች። ደሞዟ ለቤት ኪራይና ለሕፃኗ ማቆያ አልበቃ ብሎ፣ ቤቱን ለቃ እናቷ ጋ ለመግባት ሻንጣ መሙላት ጀምራለች። ቅናሹን ለመጠየቅ «ተለያይተናል» ብላ መጻፍ አለባት። እጇ እምቢ አለ።

አንድ ቀን እዚያው ቤቷ ድንች ስልጥላት ወይዘሮ ፊሎሚና መጡ። «መብትሽ ነው» የሚሉትን ጠበቅኩ። አላሉም። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«አውስትራሊያ ይሞቃል ይባላል።»

«አዎ፣ እትዬ ፊሎሚና።»

«የኔ ሰውዬ እንግሊዝ ነበር። ለሰው እንደዚያ ነበር የምለው። የኔ እንግሊዝ ግን በብስክሌት የሚደረስበት ነው። ቀጣዩ መንደር፣ ከጋራዡ በላይ፣ ከሌላ ሴት ጋር።»

ቢላዋዬ ቆመ። ከተማው ሁሉ ለዘመናት የሚያውቀውን ነገር ከአፋቸው የሰማ ግን አልነበረም። ያኔ ፍቺ በሕግ አልተፈቀደም፤ ባሏ የተዋት ሴት ሁሉ ባሏ እንግሊዝ ነበር።

«የሆስፒታል አንሶላ እያጠብኩ፣ ከደሞዜ ግብር እየተቆረጠ፣ ሦስት ልጅ አሳደግኩ» አሉ። «ያቺን አንዲት ቃል ከመጻፍ መራብ መረጥኩ። ተራብኩም።»

ግራንያ ቀስ ብላ፣ «አሁን ቢጠይቁስ?» አለች።

«ወደ ኋላ የሚመልሱት የአራት ዓመት ብቻ ነው። ልጆቼ አሁን መላጣ ናቸው።»

ግራንያ ሳቀች። ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሻንጣው አሁን ባዶውን ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው።

በማግሥቱ ሥጋ ቤት ወረፋ ላይ ወይዘሮ ፊሎሚና ከኋላዬ ነበሩ። ከፊቴ የቆመችው ባለፈው ወር ከባሏ የተለያየችው የፖስታ ቤቷ ልጅ ናት። ክብርትነታቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

ተራዬን ለቀቅኩላቸው።