ከብረቱ የረከሰው ወንበር

በዚህ አገር የአገር ውስጥ ምርት የሚጠላ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የሚገዛም እንዲሁ አልገጠመኝም። ሁሉም ደረቱን ነፍቶ የራሳችንን እንጠቀም ይላል፤ ሱቅ ሲገባ ግን እጁ ቀድሞ የሚዘረጋው ባሕር ተሻግሮ ወደ መጣው ነው። ይህን ስል ሰው እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ማለቴ፣ እየወቀስኩ ነው፤ ግን በፍቅር።

እኔ ላንቻ አካባቢ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። ወንበር፣ አልጋ፣ የመስኮት ፍርግርግ እንሠራለን። «እንሠራለን» ስል እኔና በያጁ ሙደሲር ነን፤ እሱ ይበይዳል፣ እኔ አወራለሁ። ሁለቱም ሥራ ነው። ዘንድሮ ግን ከውጭ የሚገባው ወንበር ገበያውን አጥለቀለቀውና ብየዳውም ወሬውም ቀዘቀዘ። ሙደሲር፣ የልጆች አባት ነውና፣ ሌላ ቦታ ሥራ እያፈላለገ መሆኑን አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። እሱ ከሄደ እኔም በሩን ዘግቼ ቤቴ መዋል ነው።

እንዲህ ተጨንቄ ሳለሁ እድራችን ለድንኳኑ አዲስ ወንበር ሊገዛ ነው ሲባል ሰማሁ። እድራችን የካዛንቺስ እድር ነው። ሰፈሩ ፈርሶ አባላቱ በየኮንዶሚኒየሙ ቢበተኑም ስብሰባ ሲጠራ የሚቀር የለም፤ ቅጣቱን ማን ይረሳል? ይህን ሥራ ካገኘሁ ሙደሲርም ይቀራል፣ እኔም እተርፋለሁ። እናም እሑድ ረፋድ ላይ የራሴን ወንበር ተሸክሜ አዳራሹ ገባሁ። ለናሙና የመጣ የውጭ ወንበር ቀድሞኝ ከፊት ተቀምጧል።

አቋሜ ግልጽ ነበር፤ ርካሽ ነገር ይሰበራል። ንግግሬን በአገር ፍቅር ከፈትኩና በተግባር ላሳያችሁ ብዬ፣ በዚህ በማያንሰው ሰውነቴ ዘልዬ የውጭው ወንበር ላይ ዘጭ አልኩበት። ወንበሩ ምንም አልሆነም። ወገቤን ግን አመመኝ። ደገምኩት። እንኳን ሊሰበር ሲጥ አላለም። ከኋላ ያሉት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይወጣ ነበር። እኔ ግን፣ በቃ፣ እዚያው እንደተቀመጥኩ እውነቱን አወጣሁት። ወገኖቼ፣ አልኩ፣ ወንበሩ ጥሩ ነው፤ መጥፎው ዋጋው ነው። ይህ ወንበር የሚሸጥበት ዋጋ እኔ ለቱቦላሬው፣ ማለትም እግሩ ለሚሠራበት ባዶ ብረት ብቻ ከምከፍለው ያንሳል። ለመሆኑ ዳቦ ከዱቄቱ ይረክሳል? ሻጩ ዛሬ አውቆ የሚከስረው ነገ እኛ ስንዘጋ ብቻውን ቀርቶ የፈለገውን ሊጠራባችሁ ነው። ሲስቁ የነበሩትም ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። እኔም ራሴን ማድነቅ ጀመርኩ።

ዳኛችን እትዬ ዝናሽ ናቸው፤ መርካቶ ሲነግዱ የኖሩ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሴት። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ ብረቱ ለብቻው ከወንበሩ እንደሚወደድ እርግጠኛ ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እምላለሁ አልኳቸው። ታዲያ አንተ ልጅ ምን ያስለቅስሃል አሉኝ፤ ወንበሩን ገዝተህ ቁረጠው እንጂ ብረት ፍለጋ ለምን ትንከራተታለህ? አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው የተባለው ለእኔ ነው። እድሩ በአንድ ድምፅ የውጭውን ወንበር ለመግዛት ወሰነ፤ ያውም በእኔ ምስክርነት።

አኮረፍኩ። እውነቴን ነው፣ ከእትዬ ዝናሽ ጋር ሰላምታም ሊቀርብን ነበር። ነገሩን ለሙደሲር ስነግረው ግን እሱ አልሳቀም፤ ሜትሩን አወጣ። ለካ ከአንድ የአዋቂ ወንበር የሚወጣው ብረት ለሕፃናት ወንበር ልኩ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ገዛን፣ ቆረጥን፣ በየድን፣ ቀይና ቢጫ ቀባን። ዛሬ በቂርቆስ በኩል ያሉ መዋዕለ ሕፃናት ደንበኞቻችን ናቸው። ሙደሲርም ሥራ ማፈላለጉን ትቶ ሌላ በያጅ ካልቀጠርክ እያለ ይጨቀጭቀኛል።

ባለፈው ሳምንት ከንግድ መሥሪያ ቤት የተላከች ባለሙያ ድንገት መጣች። አለአግባብ በረከሰ ዋጋ የሚገባ የብረት ዕቃ የአገር ውስጥ አምራቹን ምን ያህል እንደጎዳ እያጠናች ነው። የደረሰብንን ሁሉ ዘረዘርኩላት፤ እያዘነች ጻፈችው። ተጨማሪ ቀረጥ ቢጣልበት ምን ይላሉ ጋሼ አለችኝ። ያለ ጥርጥር ይጣል፣ የአገር ህልውና ጉዳይ ነው አልኳት፣ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ። ደስ ብሏት፣ አለቆቿም እንደዚሁ ስለሚያስቡ ምናልባት በዚሁ ወር ሊጀመር እንደሚችል ነገረችኝ።

ኧረ ምን ያጣድፈናል ልጄ፣ አልኳት፤ ያስጫንኩት ወንበር ገና ጅቡቲ ነው።