አየር የመታ እግር

አማርኛን ያበጁልን ሰዎች ቁጥብ ሳይሆኑ አልቀሩም። ለእግር መታጠፊያውም ለአቅሙም አንድ ቃል ብቻ ሰጥተው፣ ሁለቱንም «ጉልበት» ብለው አለፉ። በወጣትነቴ ስስት ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬ ስልሳን ሲያልፍ ግን ገባኝ፤ ለካ የሚሄዱትም አብረው ነው! ታዲያ ሁለት ቃል ምን ያደርጋል?

ባለፈው ጸደይ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ፓርክ ወጥተን ስንጫወት፣ እዚሁ ላስ ቬጋስ የተወለዱት ልጆቻችን አባቶችን በኳስ ገጠሙን። አስተዋይ ሰው ቢሆን «ይቅርብኝ» ይላል። እኔ ካልሲዬን ሳብ ሳብ አድርጌ ገባሁ። ሰውነት ማሟሟቅ? እሱማ ለብርድ አገር ሰው ነው! የኛ ፀሐይ ቆሞ የሚያየውንም ታሟሙቃለች።

ብዙም ሳይቆይ ኳሷን ከግቡ ፊት ብቻዋን አገኘኋት። ያለ የሌለ ኃይሌን ሰብስቤ ለጋሁ። ኳሷ ንቅንቅ አላለችም፤ የለጋሁት የኔቫዳን አየር ነበር። እግሬ የሚያቆመው አጥቶ ተወነጨፈ፤ ጉልበቴም ፈጣሪ ባልፈቀደለት በኩል፣ ወደ ኋላ ታጠፈ። የዚያን ዕለት ጩኸቴን ባለቤቴ አልማዝ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ታስመስለዋለች።

ከተመልካቹ መሀል ሮጣ የደረሰችልኝ ልጄ ሐና ናት። ሐና ፊዚካል ቴራፒስት ነች። ከከተማው ዳር ኢንስፒራዳ የሚባል ሰፈር ቤት ከያዘች ወዲህ ሥራው ውጧት፣ የምናያት ለዓመት በዓል ብቻ ሆኖ ነበር። አማርኛዋን እናቷ እሷን ስታዝዝ እየሰማች ስለተማረች፣ ወንዱንም ሴቱንም የምታናግረው «አንቺ» ብላ ነው።

«አባዬ፣ አትንቀሳቀሺ!» አለችኝ። ጉልበቴን ቼክ አድርጋ ወደ እናቷ ዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጅማቱ ከተበጠሰ ሰርጀሪ ነው» አለች።

ሰማሁ፤ ቀዶ ሕክምና ማለቷ ነው። ቀልዴም እዚያው ላይ ቆመ። ካዚኖ ውስጥ ካርታ የማድል ዲለር ነኝ፤ ሺፍቴን ከዳር እስከ ዳር የምሠራው ቆሜ ነው። መቆም ያቃተው ዲለር ምን ሊሆን ነው? ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ደግነቱ ሐኪሙ የጉልበቴን ምስል አይቶ፣ ጅማቱ ተለጠጠ እንጂ አልተበጠሰም አለ። ከዚያ በኋላ ሐና ተረከበችኝ። መጀመሪያ ዕረፍት አዘዘችልኝ፤ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አስያዘችኝ፤ በሚለጠጥ ፋሻ አሰረችኝ፤ እግሬንም ትራስ ላይ ሰቀለችው። እብጠቱ ሲጎድል በየቅዳሜው እየመጣች ታሠራኝ ጀመር። ከወንበር በቀስታ መነሣት፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መሳብ... የጭኔ የኋላ ጡንቻ ሰንፎ ኖሯል፤ ጉልበትን ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዘው እሱ ነው አሉ።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ላይ እንዴት እንደምቆም አሳየኝ አለች፤ ማለቴ፣ «አሳዪኝ» አለች። እንደ ክብር ዘብ ቀጥ ብዬ ቆምኩላት።

«ኖ፣ አባዬ! ጉልበትሽን አትቆልፊ። ትንሽ ለስለስ አድርጊው። ኳስ ከመግባትሽ በፊት ደግሞ ዋርም አፕ አድርጊ!»

የወለዷት ልጅ ስታዝዝ ደስ እንደሚል ማን ነግሮኝ ያውቃል? ሥራችንን ስንጨርስ ምሳ በልታ፣ ሶፋው ላይ ጥቅልል ብላ እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔና አልማዝ ቴሌቪዥኑን ድምፅ ነሥተን እናያታለን። ነቃ ስትል አልማዝ፣ «አባትሽ እኮ ድኗል፣ ሲሞላቀቅ ነው» ትላለች። እኔም በምላሹ ትንሽ አነክሳለሁ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ሐና በአንድ እግሬ አቁማ፣ አስቀምጣ፣ አስነሥታ ፈተነችኝ። «አባዬ፣ ዳንሽ!» ብላ አቀፈችኝ። ከዚህ በኋላ ብቻዬን መሥራት እችላለሁ አለች። ተመስገን ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?

የሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱ ጭር አለ። ሶፋውን አየሁት፤ አልማዝም አየችው። ወዲያው ወደ ኩሽና ገባች፤ ያንን ትልቁን ብረት ድስት ከላይኛው መደርደሪያ በአንድ እጇ አውርዳ ምድጃው ላይ ጣደች፤ እጇን ጠረገችና ስልኳን አነሣች።

«ሐንዬ» አለች፣ ድምፅዋ የበሽተኛ ሆኖ፤ «ይኼ ትከሻዬ ምን እንደነካው እንጃ፤ እጄን ወደ ላይ ማንሣት አቃተኝ።»