የጾመኛው ደሜ ምስክርነት

እስቲ ፍረዱኝ። የሰው ደም የሚመረመረው ጾሙን አድሮ ነው ያለው ማነው? እኔ ዓመቱን ሙሉ ስበላ ነው የምኖረው። ታዲያ ሳልበላ ያየኝ ሐኪም እኔን አየኝ ይባላል?

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ፣ ማታ ሳድል ሪጅ ሰፈር ቤቴ ገብቼ ደግሞ እቀመጣለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ የኮሌስትሮል ምርመራ አለብኝ፤ ጾመህ ና ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ በየዓመቱ የአንድ ሳምንት ጾም ጸሎት አላት። አንዴ ከጾምኩ አይቀር ብዬ ሁለቱን አገጣጠምኳቸው። በጾሙ በአምስተኛው ቀን ዓይኔ ጎድጉዶ ክንዴን እዘረጋለሁ። ውጤቱ ሁልጊዜ ንጹሕ!

በዚህ ብቻ ባበቃ ጥሩ ነበር። አምና ለምስክርነት ወጣሁ። ማይክ ጨብጬ፣ “ወገኖች፣ ደምህ የሕፃን ደም ነው ተብያለሁ!” አልኩ። እንደዚያ ያለኝ ሰው የለም፤ ማይክ ሲይዙ ነገር ይጨመራል። ጉባኤው እልል አለ። ከዚያ ለምሳ ወደ ቤዝመንቱ፣ ወደ ምድር ቤት ወረድን። እንዴት እንደበላሁ አልነግራችሁም። ስመለስ ደረጃው መሃል ላይ ደረቴን ጭምቅ አደረገኝ። ሰው እንዳያውቅብኝ ጎንበስ ብዬ የጫማ ክር የማስር መሰልኩ። የዚያን ቀን ጫማዬ ክር አልነበረውም።

ከዚያ ወዲያ ደህና ምሳ በበላሁ ቁጥር ደረጃ ላይ ያው ነው። ለማን ልናገር? መስክሬያለኋ! አባቴ በኔ ዕድሜ ከሠርግ ግብዣ ሲመለስ ነው ልቡ ቆሞ መንገድ ላይ የቀረው። ይህን እያወቅኩ አንድ ዓመት ሙሉ ጫማ ሳስር ከረምኩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሸሽጌ እልልታ ተቀበልኩበት። በመጨረሻ ባለቤቴ ትዕግሥት ደረጃ ላይ ያዘችኝና እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ልቤን በማሽን አየች፣ የድሮ ውጤቶቼን አገላበጠች፣ መቼ መቼ እንደተመረመርኩ ጠየቀችኝ። የጾሙን ነገር ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰው ሲበላ ቅባቱ ለሰዓታት ደሙ ውስጥ ይዞራል አለችኝ። ቶሎ የሚያጠራ ሰውነት አለ፣ የማያጠራም አለ። ያኛው ሳይጠራ ሌላ ሲደረብበት የደም ሥር ይጎዳል፣ ልብም አደጋ ላይ ይወድቃል። የጾመው ደምህ ይህን አይነግረኝም፤ ስለዚህ እንደ ልማድህ ብላና ከበላህ በአራተኛው ሰዓት ደም ስጥ አለች።

እንደ ልማድህ! እንግዳ ሊመጣ ቤቱን የማይጠርግ ማን አለ? እኔና ትዕግሥትም ሆዴን ጠራረግን። በምርመራው ጠዋት ያለ ዘይት የተቀቀለ ጎመን በግማሽ እንጀራ አቀረበችልኝ። እያጉረመረምኩ በላሁ።

ልክ ስጨርስ እትዬ ለተብርሃን ደወሉ። የጸሎት ቡድናችን እናት ናቸው። አስመራ በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ አማርኛቸው ከኔ የጠራ፣ ፎረስት ሎን ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ። “ልጄ፣ የቤቱ ማሞቂያ፣ ሂተሩ አልሠራ አለኝ፣ ብቅ በልልኝ” አሉኝ። ሄድኩ፣ አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፣ ሠራ። ልወጣ ስል ጠረጴዛው ላይ ቅጫ ፍትፍት በቅቤ ርሶ ተቀምጧል።

“የሐኪም አፖይንትመንት አለኝ፣ እትዬ። ደግሞም በልቻለሁ።”

“ምን በላህ?”

“ጎመን።”

“ጎመን ብቻ?” ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “በሞቴ!”

ይሄ በሞቴ የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚያናድደኝ! የሚምሉት በራሳቸው ሞት፣ የምሞተው እኔ! ጠግቤያለሁ ብትል የሚሰማህ የለም፤ ሙያቸውን የናቅክ ይመስላቸዋል። አጎረሱኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። ከዚያ በኋላስ ማን ያጎርሰኛል? በገዛ እጄ ሳህኑን ጠረግኩት። በአራተኛው ሰዓት ደሜን ሰጠሁ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ላብራቶሪ አወጣው። ቅባቱ ከደሜ አልወረደም። “ይሄ ልማዴ አይደለም፣ የዚያን ቀን ተገድጄ ነው” አልኳት ሐኪሟን። እሁድስ? አለችኝ። እሁድ የቤተ ክርስቲያን ምሳ አለ። ማክሰኞስ? ልደት ነበር። ሐሙስ የቤት ለቤት ጸሎት፣ ቅዳሜ ለቅሶ። በመሃሉስ? የተረፈውን። ጎመኑን ስንቴ በላህ ስትለኝ፣ አንዴ አልኳት። መድኃኒት አዘዘች፣ የልብ ስፔሻሊስት ዘንድ ላከችኝ፣ ስትበላ ቀንስ፣ ከበላህም በኋላ ቀስ ብለህ ተራመድ አለች።

በቀጥታ ፎረስት ሎን፣ እትዬ ለተብርሃን ቤት። “እርስዎ ነዎት ያጋለጡኝ! አንድ ቀን እንኳ ጠግቤያለሁ ስል ቢሰሙኝ ምን ነበረበት?” ብዬ ጮህኩ። በትልቅ ሴት ላይ ጮህኩ፣ አፍራለሁ። የደረጃውንም የደረቴንም ነገር እዚያው ዘረገፍኩት።

“ጎመኑን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ኖሮ፣ ደረጃው ላይ ስትወድቅ ማን ያነሳህ ነበር?” አሉኝ። “በል፣ እሁድ ማይኩን ያዝና የመሰከርከውን አቃና።”

አቃናሁ። ማይኩን ይዤ፣ “ወገኖች፣ ንጹሕ የነበረው የጾመው ደሜ ነው። የበላው ታሟል። እኔም ደብቄያለሁ” አልኩ። እልልታ የለም። ስወጣ ግን አንድ ሽማግሌያችን ኮሪደር ላይ ያዙኝና በጆሮዬ፣ “እኔም ጫማዬን ሳስር ከረምኩ፤ የሐኪሟን ስልክ ስጠኝ” አሉኝ። እስካሁን ለአራት ሰው ሰጥቻለሁ።

ጉባኤው ግን ወገን ታሟል ሲባል የሰማው ሌላ ነው። የታመመ እንዴት ባዶ እጅ ይጠየቃል? እሁድ ማታ ደጄ ላይ መኪና ተሰለፈ። ዶሮ ወጥ መጣ፣ ዱለት መጣ፣ አንዷማ “ቅቤው ለጋ ነው፣ ለልብ ጥሩ ነው” ብላ አረፈችው! ትዕግሥት ፍሪጁ አልዘጋ ብሏት በጉልበቷ ትገፋዋለች። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ፤ ደግሞም ዱለቱን ቀምሻለሁ።

በመጨረሻ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ለተብርሃን ናቸው። አየኋቸው፤ ድስት የለም፣ ፌስታል የለም። እግራቸው ላይ የበረዶ ቦት ጫማ አጥልቀዋል። “ጃኬትህን ልበስ” አሉኝ።

ክንዴን ይዘው ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞርን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በቀስታ ሄድን፣ እኔ እንዳኮረፍኩ። ተመስገን አበቃ ብዬ በሬን ልከፍት ስል እጄን ለቀም አደረጉት።

“አንድ ዙር ያጣላል” አሉኝ። “በሞቴ!”