ሊቀ ገመድ እጃቸውን የሰበሰቡበት ቀን

«እስቲ ተነሺ» አሉ ሊቀ ገመድ። ንድፍ ሠሪዋ ገና ከመቀመጫዋ ሳትላቀቅ ወንበሩን ወደ ራሳቸው ስበውታል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፤ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ፤ ኪቦርዱን ገልብጠው አራገፉት። የብስኩት ፍርፋሪ ወረደ። «አየሽ!» አሉ፣ የበሽታው ግማሽ የተገኘ ይመስል።

ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ ሁሉ አንድ ሊቀ ገመድ አይጠፋም። ደመወዝ የሚከፈለው ለሌላ ሥራ ነው፤ የሚኖረው ግን ለሰው ማሽን ነው። ማንም አይጠራውም፤ የተበላሸ ነገር ሽታው ይጠራዋል። በርና መስኮት የሚሠራው የዚህ ድርጅት ሊቀ ገመድ በወረቀት ላይ የሽያጭ ሠራተኛ ናቸው። ማዕረጉን ያገኙት የማተሚያውን ገመድ ላስተካክል ብለው ከጠረጴዛ ስር ገብተው የፎቁን ስልክ በሙሉ ባጠፉበት ዕለት ነው። ቅር አላላቸውም። እንዲያውም ስልኩ ድሮም ጤና እንዳልነበረው አስረዱ።

የውሃ ማፍያውን ጠግነውታል፤ አሁን ይፈላል፣ ግን አይጠፋም። የአማታቸውን ቴሌቪዥን አስተካክለዋል፤ አሁን የሚያሳየው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፣ እሱም የትግል ውድድር። አማትየው መጀመሪያ አማርረው ነበር። ዛሬ የታጋዮቹን ስም በቃላቸው ይዘውታል፤ ውድድር ባለበት ሰዓት እንግዳ አይቀበሉም።

ሊቅነታቸው በሁለት ዓምድ የቆመ ነው። አንደኛው «ይኼማ የታወቀ ነው»፤ ሁለተኛው «ካልሆነ ድገሚው»። ሁለተኛውን ለቢሮው ሰው ሁሉ አስተምረውታል።

የዚያን ቀን ግን ንድፍ ሠሪዋ ለሳቅ ጊዜ አልነበራትም። የአንድ ክሊኒክ በሮች ተሠርተው አልቀዋል፤ ሁሉም ወደ ውጭ የሚከፈቱ። የክሊኒኩ ባለቤት ደግሞ እኔ ያዘዝኩት ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው፣ አልረከብም ብሏል። እሷ ለውጡን ጽፋ ጠይቃዋለች፤ በኢሜይል መስማማቱንም በዓይኗ አንብባለች። ሥራ አስኪያጁ ነገር አያበዛም። ሰውየው ከምሳ በኋላ እንደሚመጣ ከነገራት በኋላ፣ «መልእክቱ ከተገኘ ጥፋቱ የሱ ነው፤ ካልተገኘ ያንቺ» አላት። ጥፋቱ የሷ ከሆነ ዕቃዋን ሰብስባ እንደምትወጣ ማብራራት አላስፈለገውም።

የሰውየውን ስም መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ጻፈች። ምንም አልተገኘም። «በር» ብላ ጻፈች። ምንም አልተገኘም፤ በር በሚሠራ ድርጅት። በመጨረሻ የሥራ አስኪያጁን ስም ሞከረች። የሱ መልእክት ጠዋት የገባ ነው፤ እዚያው ፊቷ፣ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ምንም አልተገኘም። የሚዋሸው ማን እንደሆነ ያኔ ገባት። ማሽኑን አጥፍታ አበራችው፤ ውሸቱን አልተወም።

አንድ በአንድ እንዳታገላብጥ ደግሞ ሰውየው መያዣ የለውም። አንዴ ከክሊኒኩ፣ አንዴ ከሚስቱ፣ አንዴ ከልጁ አድራሻ ይጽፋል። ርዕስ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለ በር የተጠየቀውን ስለ መስታወት በተላከለት አሮጌ መልእክት ላይ ይመልሳል። የዓመታት መልእክት ተከምሮ እንዲህ ያለ ሰው በእጅ አይፈለግም።

ሊቀ ገመድ ስም ጻፉ፣ አጠፉ፣ ጻፉ። ከዚያ ወደ ኋላቸው ተደገፉ።

«ልጄ፣ ይኼ ፕሮግራም ሰነፍ ነው። ፈልግ ስትይው መልእክቶቹን አያነብም። አስቀድሞ የያዘውን ማውጫ ነው የሚያየው። ማውጫው ላይ ያልተመዘገበ ነገር ፊቱ ቆሞ ቢጮህ እንኳ የለም ነው የሚልሽ።»

ንድፍ ሠሪዋ ጠርጥራ አየቻቸው። ነገሩ ልክ ይመስላል፤ ያስፈራትም እሱ ነው።

ቅንብሩን ከፈቱ። ማውጫው የሚያካትታቸው ነገሮች በተርታ ተዘርዝረው፣ ከእያንዳንዱ ጎን ትንሽ የምልክት ሳጥን አለ። የኢሜይሉ ሳጥን ባዶ ነበር። ይኼን ማን አጠፋው ብለው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰውም ዘጉት። ባለፈው ወር «ማሽኖቻችሁን ላፍጥንላችሁ» ብለው በየጠረጴዛው የዞሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ንድፍ ሠሪዋ ባዶውን ሳጥን በጣቷ ጠቆመቻቸው። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይኼማ የታወቀ ነው» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ምልክቱን መለሱና ማውጫው እንደ አዲስ እንዲሠራ አዘዙ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ወጣ፤ ገና ያልተመዘገቡት መልእክቶች ብዛት። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አለመንካት። ትዕዛዙ ከተደገመ ማውጫው የተመዘገበውን ሁሉ ጥሎ ከዜሮ ይነሳል።

ንድፍ ሠሪዋ የበሮቹን ንድፍ ልታመጣ ወረደች፤ ሊቀ ገመድን ደንበኛ በስልክ ያዛቸው። ሲመለሱ የሒሳብ ሠራተኛዋ ማሽኑ ፊት ቆማ በራሷ ሥራ ትደሰታለች። ቁጥሩ ሲንቀራፈፍ አይታ አዝና ነው፤ ትዕዛዙን እንደገና ሰጥታዋለች። መልእክቶቹ በሙሉ ወደ ተራቸው ተመልሰዋል።

«ካልሆነ ድገሚው ብለውኝ የለ?» አለች።

ሊቀ ገመድ ሳያውቁት ደቀ መዝሙር አፍርተው ነበር።

ንድፍ ሠሪዋ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለማሽኑ ሰጥታ ተቀመጠች። «ከእንግዲህ ማንም አይነካም፤ እርስዎም ጭምር» አለቻቸው። ሊቀ ገመድን ማሽን አጠገብ አቁሞ አይንኩ ማለት ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ነው። እጃቸውን ኪስ ከተቱ፤ አወጡ። ብብታቸው ስር ወሸቁት፤ ከዚያም አመለጠ።

«የቆመ ይመስላል እኮ።»

«አልቆመም።»

«አንዴ ብቻ ብደግመው...»

«ጋሼ!»

ወንበር ፈልገው መዳፋቸው ላይ ተቀመጡ።

ምሳ ሰዓት ሳያልቅ የክሊኒኩ ባለቤት ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ። ጠበኛ ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም። የንድፍ ሠሪዋ ፊት ዐመድ መሰለ። ሊቀ ገመድ ቁጥሩን አዩ፤ በሩን አዩ።

«ብዙ ይቀረዋል» አሉ። «አንቺ እዚሁ ሁኚ። እኔ እዚህ ከቆየሁ እነካዋለሁ።»

ወጡ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከስብሰባው ክፍል፣ የሰላምታ ድምፅ ሰማች። ቀጥሎ ሊቀ ገመድ የእንግዳው ስልክ ትንሽ ይዘገይ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። እንግዳው «የማን ስልክ የማይዘገይ አለ?» ሲል መለሰ። «ይኼማ የታወቀ ነው» የሚለው በግድግዳው አልፎ መጣ፤ ንድፍ ሠሪዋም ስልኩ እንዳለቀለት አወቀች።

የሆነውን በኋላ ሥራ አስኪያጁ ተረከላት። ሊቀ ገመድ ስልኩን አጠፉ፣ አበሩ፤ የሆነ ነገር ሰረዙ፤ የይለፍ ቃል ጠየቁ። እንግዳው ረስቶታል። ሚስቱ ዘንድ በቢሮው ስልክ ተደወለ፤ እሷም ሌላ የይለፍ ቃል ነገረች። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ የበሩን ነገር ሊያነሳ ሞክሮ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «ቆይ እስቲ፣ ስልኬ!» ያለው ከሳሹ ራሱ ነው።

ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ንድፍ ሠሪዋ «ወደ ውጭ» ብላ ጻፈች፤ ስክሪኑ ሞላ። መልእክቱ ከልጁ አድራሻ፣ ስለ መስታወት በተላከ ደብዳቤ ስር ተኝቶ ነበር። «በሮቹ ወደ ውጭ ይከፈቱ። ተስማምቻለሁ» ይላል፤ ከታች የሰውየው ሙሉ ስም አለ። ለሥራ አስኪያጁ ላከችለት፤ ራሷም ተነሥታ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ ከራሱ ስልክ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። ሰውየው ዓይኑን ከሊቀ ገመድ እጅ ሳያነሳ አዳመጠ።

«ብዬ ነበር እንዴ?» አለ። እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። «ስሜ ካለበት እንግዲህ ብያለሁ፤ ስቀሏቸው። ይኼ ስልክ ግን መቼ ነው የሚበራው?»

በሮቹ በሳምንቱ ተሰቀሉ። ድርጅቱ ወዲያው አንድ ቴክኒሻን በኮንትራት ቀጠረ፤ ረጋ ያለ፣ ማሽን ከመንካቱ በፊት የሚያስፈቅድ ልጅ ነው። ንድፍ ሠሪዋ ጠረጴዛ ዘንድ ደርሶ ችግር እንዳለ ጠየቃት። የለም፣ ደህና ነው ብላ አሳለፈችው። ደህና አልነበረም፤ ማተሚያው ከጠዋት ጀምሮ ማተም እምቢ ብሏል። ሊቀ ገመድ ከደንበኛ ጋር ወጥተው ነበር፤ እስኪመለሱ ጠበቀቻቸው።