አይበላም የተባለው ሰው

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዓሦች ሰው ለማየት ተሰልፈው አየሁ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከተማው በሙሉ በውሃ ተሞልቶ፣ እኔም እንደማንም ዓሣ ቆሜ ተራዬን እጠብቅ ነበር። መተንፈስ አላስቸገረኝም። ከፊቴ የቆሙት ቆሮሶ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ከትምህርት ቤት ለጉብኝት የመጡ ነበሩ፤ እንዳይጠፉ አንዱ የሌላውን ጭራ በአፉ ይዟል። ከበሩ በላይ «የሰው ማሳያ። መስታወት መደብደብ ክልክል ነው» የሚል ተጽፏል።

ጥበቃው ሻርክ ነበር። አስቁሞ ፈተሸኝ።

«መንጠቆ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«መረብስ?»

«የለኝም።»

«ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ግማሽ ሎሚ ነበር። እንዴት ኪሴ እንደገባ አላውቅም። ሻርኩ ሲያየው ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«ሲወጡ ይወስዱታል፣ ጌታዬ» አለኝና ሎሚውን በክንፉ ጫፍ ይዞ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ውስጡ ሰፊና ውብ ነበር። በግራና በቀኝ አየር የተሞሉ የመስታወት ክፍሎች ተደርድረዋል፤ በየክፍሉ ሰው አለ። በአንደኛው ውስጥ ሚኒባስ ቆሞ ሃያ ሁለት ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠዋል። አስጎብኚያችን ኦክቶፐስ በአንድ እጇ እየጠቆመች፣ በሰባቱ ማስታወሻ እየጻፈች፣ «በመንጋ ነው የሚጓዙት። ጠላት እንዳይበላቸው ይመስለናል» አለችን።

በሚቀጥለው ክፍል ስብሰባ ነበር። ሰዎቹ በአንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ፣ በአንድ ጊዜ ያቆማሉ።

«መሪያቸው የትኛው ነው?» አለ አንዱ ቆሮሶ፣ የጓደኛውን ጭራ ለቅቆ።

«አልደረስንበትም። እነሱም እያጣሩ ነው» አለች ኦክቶፐሷ።

እየሳቅሁ መጨረሻው ክፍል ደረስኩ። እዚያ ሳቄ ተቋረጠ።

አባባ ነበሩ። የወለዱኝ አባቴ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ። ድሮ አንዴ ብቻ የሚዞርባቸው ጋቢ ሦስት ጊዜ ዞሮባቸዋል። ጉንጫቸው ገብቷል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ «ሰው። ወንድ፣ የገጠር። ምግብ፦ አይበላም» ይላል።

«እንዴት ነው የማይበሉት?» ብዬ ተንከባካቢያቸውን ጠየቅኋት። አንዲት ወፍራም ቆሮሶ ነበረች። መዝገቧን ገልጣ አሳየችኝ።

«በቀን ሦስት ጊዜ ሽሮ እናቀርባለን። ‹ይብሉ› እንላቸዋለን። ‹በልቻለሁ፣ ይመስገን› ይላሉ። መልሰን እንወስዳለን።»

«የት በልተው?»

«እሱን አንጠይቅም። እኛ የሰው ቃል እናከብራለን፣ ወንድሜ።»

በዚህ መሀል ዋናው ኃላፊ መጣ። ረጅም ጢም ያለው አምባዛ ነው። ጢሙን እያሻሸ አባባን ተመለከተና፣ «የመዝጊያው ደወል ሲደወል ወደ አጽም ክፍል ይዛወራሉ። የማይበሉትን የምናስቀምጠው እዚያ ነው» አለ።

ቀስ ብዬ አስረዳሁት። «ጌታዬ፣ እኛ አገር እንግዳ ቢርበውም በልቻለሁ ነው የሚለው። ደጋግሞ መለመን ያስፈልጋል። ያም ካልሆነ ‹በሞቴ› ይባላል።»

«በማን ሞት?»

«በእርስዎ።»

«እኔ እኮ አልሞትኩም።»

«አልሞቱም። እሱ ግን ይበላል።»

አምባዛው ብዙ አሰበ። «ታዲያ የእውነት የጠገበ ሰው ምን ይላል?»

«እሱም በልቻለሁ ነው የሚለው።»

«በምን ትለዩአቸዋላችሁ?»

ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም። «አንለያቸውም። ሁሉንም እናበላለን» አልኩ።

«አስቸጋሪ ፍጥረት ናችሁ» አለ፤ ግን መመሪያውን እዚያው ቀየረው። ጥሩ ኃላፊ ነበር።

ቆሮሶዋ ትኩስ ሽሮ በላይኛው መስኮት አስገባች። «በሞቴ» አለች፣ ቃሉን እንደ አዲስ ጫማ እየሞከረችው። ትንንሾቹ ቆሮሶዎች በአንድ ድምፅ «በሞታችን» አሉ። ሻርኩም በሩን ትቶ መጥቶ፣ እያፈረ፣ «በእኔም» አለ።

አባባ ቀና ብለው ፈገግ አሉ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

«ኑሩልኝ። እኔ ግን የእናንተ እንግዳ አይደለሁም» አሉና በመስታወቱ በኩል እኔን አዩኝ።

ዓሦቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው አረፋ ነበር። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም አረፋ። ደወሉ መደወል ጀመረ። ኦክቶፐሷ ማስታወሻዋን ሁሉ ጥላ በስምንቱ እጇ ወደ መስኮቱ አነሣችኝ። ሻርኩ ሎሚዬን ከሣጥኑ አምጥቶ፣ ፊቱን አዙሮ ሰጠኝ።

«ይምጠጡት። ድምፅ ይከፍታል ይባላል።»

መጠጥኩት። ራሴን በመስኮቱ ወደ አየሩ አስገባሁና «በሞ—» ስል ነቃሁ።

ነግቷል። ደወሉ አልቆመም። የቆርቆሮ ድምፅ ነበር።

አባባ ለዓይናቸው ሕክምና ከገጠር መጥተው እኔ ቤት ካረፉ ሁለት ሌሊት አልፏል። አሁን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መስኮቱ ሥር ካለችው የመስታወት ገንዳዬ አጠገብ ተቀምጠዋል። በገንዳዋ ውስጥ አራት ትንንሽ ዓሦች አሉኝ። የዓሦቹን ምግብ ከቆርቆሮው እያንኳኩ መዳፋቸው ላይ ያወጣሉ፤ አንዴ ለዓሦቹ፣ አንዴ ለራሳቸው ቆንጠር ያደርጋሉ።

«አባባ፣ ምን እየበሉ ነው?»

«ተነሣህ? ጨው ይጎድለዋል እንጂ ክፉ አይደለም።»

«ትናንት ራት ላቅርብ ስልዎት በልቻለሁ አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ያን ጊዜም ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አመንከኝ።»

ተነሥቼ ምድጃውን ለኮስኩ። አራት እንቁላል ሰበርኩ፣ ዳቦ ቆረስኩ።

«ለእኔ ብለህ እንዳትለፋ። በልቻለሁ» አሉ አባባ። የዓሣው ምግብ ፍርፋሪ ጢማቸው ላይ ነበር።

«በሞቴ» አልኳቸው።

ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።