ኃላፊነቱ የተወሰነው የት ላይ ነው?

እናቴን ከቅጹ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። «በሥራ ምክንያት ጤናቸው የተጎዳ ሠራተኞች ብዛት» ከሚለው ጥያቄ ፊት ዜሮ ጻፍኩ፣ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተኛሁ። ይህን ሕልም ያየሁት ትናንት፣ እንዲህ ከተኛሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። በከተማችን ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቀጠረኝ ከስምንት ወር በፊት ነው። ሥራዬ መለካት ነው። ፋብሪካው ለሰውና ለአካባቢው ምን ያህል ኃላፊነት እንደሚወስድ የሚጠይቅ መቶ ሃያ ጥያቄ ያለው ቅጽ አለ። እሱን ሞልቼ ጨርቁን ለሚገዙት የውጭ ድርጅቶች እልካለሁ። እናቴ እዚያው ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ሳሏ ግን ጡረታ አልወጣም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማቸው «የሐኪም ወረቀት የሌለው ሳል አይቆጠርም» ብለውኛል። እናቴ ደግሞ «እኔን እንዳታስገቢ። ብርድ ነው። በእኔ የተነሳ እንጀራሽን እንዳታጪ» ብላኛለች። ሁለቱ ተገናኝተው የተማከሩ ይመስል ነበር። ቅጹ ደግሞ በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ መላክ አለበት።

በሕልሜ ጠዋት ነበር። ወደ ሥራ ስሄድ ፋብሪካው ከገዛ በሩ ውጪ ቆሞ አገኘሁት። ግቢው ባዶውን ቀርቷል። ፋብሪካው ከነጣሪያው ከነመስኮቱ ተነስቶ ወጥቶ፣ ጭስ ማውጫውን እንደ ባርኔጣ አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ወረፋ ይጠብቃል። ከፊቱ አንድ የእህል ወፍጮና አንድ ሳሙና ፋብሪካ ተሰልፈዋል። ወፍጮው ዱቄቱን ከራሱ ላይ እያራገፈ «ከሌሊት ጀምሮ ነው የቆምነው» ብሎ አማረረ። ሰልፉን የሚያስተናግዱት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። በየመስኮታቸው ተቀምጠው «ነገ ተመለሱ» ይላሉ።

ዘበኛዋ ወንዛችን ጉንዲት ነበረች። ጉንዲትን በውን የሚያውቅ ሰው ፋብሪካው በየትኛው ሳምንት ምን እንደሚያቀልም ለማወቅ ሌላ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም። የተማሪ ዩኒፎርም ሲቀለም ሰማያዊ፣ የሆቴል አንሶላ ሲነጣ ደግሞ አረፋ ትሆናለች። በሕልሜ ግን ውሃ የመሰለ ውሃ ለብሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የሚገባውን ሁሉ ትፈትሻለች።

«ቅጹ ስለ እኔ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ፍሳሽ ተቀባይ» አልኳት። እንደዚያ ነው የሚለው።

«ተቀባይ? እንግዳ ተቀባይ ነው ወይስ ጉቦ ተቀባይ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ፋብሪካው ዞራ ኪሱን መዳበስ ጀመረች።

«ምን ይዘሃል?»

«ምንም የለኝ።»

«ይኼ የሚቆረቁረኝ ታዲያ ምንድን ነው?»

እጇን ከትታ አንድ ድንጋይ አወጣች። የወሰን ድንጋይ ነው፤ ሁለት ሰዎች መሬታቸውን ለመለየት መሐል ላይ የሚተክሉት ዓይነት። አፈሩ ገና አልረገፈለትም።

«ወሰንህን በኪስህ ይዘህ ነው የምትዞረው?»

ፋብሪካው አንገቱን ደፋ። «ስሜ ላይ ተጽፏል እኮ» አለ። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር።»

«የት ላይ ነው የተወሰነው?»

«አላውቅም። እሱን እንድትለኩልኝ ነው የመጣሁት።»

ጉንዲት ከጉያዋ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ ሰጠችኝ። «ተምረሻል አይደል፤ ያዢ» አለችኝ። የጠረጠረችኝ መሰለኝ።

በሩን ስናልፍ ግቢው አቀበት ሆነ። አቀበቱ ላይ ችግኞች ቲሸርትና ኮፍያ አድርገው ሥራ አስኪያጆችን ይተክላሉ። ጉድጓዱን ይቆፍራሉ፣ አንድ ሥራ አስኪያጅ ከነክራቫቱ ያስገባሉ፣ አፈሩን ጠቅጠቅ ያደርጋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አቶ ግርማቸው እስከ ጉልበታቸው ተተክለው አየኋቸው።

«ራኬብ፣ ትንሽ ውሃ» አሉኝ።

«ውሃ የሚመጣው ዓመት በጀት ላይ ነው ያለው» አለች አንዲት የጽድ ችግኝ፣ ኮፍያዋን እያስተካከለች። «በጀቱ ከጸደቀ።»

«እኔስ?»

«እርስዎም ከጸደቁ እናያለን።»

ችግኞቹ መኪናቸው ላይ ተጭነው ሄዱ። ፋብሪካው አምና ሁለት ሺህ ችግኝ ተክሏል። ሁለት ሺህ ብዬ ሞልቻለሁ። ስንቱ እንደጸደቀ ቅጹ ስለማይጠይቅ እኔም አልጠየቅኩም። ለአቶ ግርማቸው በጆግ ውሃ ላመጣላቸው ብዬ ነበር። ከላይ ሲታዩ ራሳቸው ላይ ያለው መላጣ የሕፃን ይመስላል፤ አሳዘኑኝ። ሜትሩ ግን ጎተተኝና ከአቀበቱ ወርጄ ከወንዙ ማዶ አትክልት ቦታው ላይ ተገኘሁ።

እዚያ ሦስት ጥቅል ጎመኖች በገዛ ቅጠላቸው ተከናንበው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎች ናቸው። የቅጠላቸው ሥር ሰማያዊ ነው። ፋብሪካው ፊታቸው ቆመ።

«ወሰን በመግፋት ተከሰሃል» አለ የመጀመሪያው ጎመን። «ሰው ወሰን ሲገፋ ወደ ጎረቤቱ ነው። አንተ ግን ወደ ራስህ ነው የምትገፋው። ወሰንህ ከወንዙ ወዲያ ነበር፤ ወደ አጥሩ ገፋኸው። ከአጥሩ ወደ በሩ። ከበሩ ወደ ቢሮ። ከቢሮ ወደ ኪስህ። እንዲህ ያለ ወሰን ገፊ በዕድሜያችን አላየንም።»

«ዕድሜያችንማ ሦስት ወር ነው» አለ ሁለተኛው።

«ዝም በል። ሽማግሌ ነህ» አለው ሦስተኛው።

ፋብሪካው አለቀሰ። በየመስኮቱ መስታወት ላይ እንፋሎቱ እየተንጠባጠበ ወረደ። «ደክሞኛል» አለ። «ትንሽ ከሆንኩ ትንሽ ነህ በሉኝ። ትልቅም ከሆንኩ ንገሩኝ። የት እንደማበቃ ሳላውቅ መቆም አቃተኝ።»

ሰው ሲያለቅስ መቆም አልወድም። ሥራ ይሻለኛል። ወደ ግቢው መልሼ የሜትሩን አንድ ጫፍ አስያዝኩት፣ ሌላውን ይዤ ሄድኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር መቶ ሃምሳ ሴንቲ ነው፤ ይኼኛው ግን አላልቅ አለ። በአጥሩ ላይ አለፈ። ጉንዲት ጋ ስደርስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በእግሬ አሻገረችኝ። በጎመኑ መደብ፣ በትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ በሰፈራችን ኮብልስቶን አድርጌ ቤታችን ደረስኩ። ሜትሩ ገና ይሳባል።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲ በመርፌ ትጠቅማለች።

«ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ።

ከኋላዬ ፋብሪካው ሜትሩን ተከትሎ መጥቶ ደጃፉ ላይ ጎንበስ አለ። «ቤቶች» አለ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ የውብዳር። ፋብሪካው።»

«ግባ፣ ምን ያቆምሃል። ከፍተህ ግባ።»

ቤታችን አልበቃውም። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ውጪ ቀረ። እናቴ ተነስታ ትከሻው ላይ የተጣበቀውን የጥጥ ብናኝ በመዳፏ አራገፈችለት። «ከስተሃል» አለችው። ቆሎ ሰጠችው፤ በሁለት እጁ ተቀበለ።

«እትዬ፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምንዎ ነው።»

«ምን?»

«ሳሉን ይስጡኝ። የእኔ ነው።»

እናቴ ሳቀች። «የምን ያንተ? አቅፌ ያሳደግኩት እኔ።»

«ከእኔ ነው የወጣው።»

«ካንተ የወጣውማ ብዙ ነው። ይቺስ ልጅ ካንተ አይደል የወጣችው? ደብተሯ ካንተ፣ ጫማዋ ካንተ፣ ዩኒቨርሲቲ የሄደችበት ሻንጣ ካንተ። እሷንም ልትወስድ ነው?»

ፋብሪካው ወደ እኔ አየ፤ ቀስ ብሎም «ከእሷ ጋር ለጊዜው ውል አለን» አለ።

ሦስቱ ጎመኖች እየተንከባለሉ ደረሱ። የመጀመሪያው ትንፋሹን ሰብስቦ እናቴን አያት። «ይህች ሴት ማን ናት?» ሲል ጠየቀኝ።

ቅጹን የሞላሁ ሰው ነኝና ትክክለኛው መልስ «የሐኪም ወረቀት የሌላት የቀድሞ ሠራተኛ» እንደሆነ አውቃለሁ። ያንኑ ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«እናቴ ናት» የሚል ወጣ።

«እንግዲያው ፍርዱ ይኼ ነው» አለ ጎመኑ። «ወሰኑ ሳሏ እስከሚሰማበት ድረስ ነው። ሳሏ ከሚሰማበት ወዲህ ያለው ሁሉ የእሱ ኃላፊነት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አይመለከተውም። እትዬ፣ ይበሉ እስቲ።»

ከተማው በሙሉ ጸጥ አለ። ወፍጮው ድንጋዩን አቆመ። ጉንዲት መፍሰሷን ተወች። የተተከሉት ሥራ አስኪያጆች እንኳ ከአቀበቱ ላይ ጆሯቸውን ወደ ቤታችን አዘነበሉ። ሁሉም የእናቴን ሳል ይጠብቃል።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

ያንን አያያዝ አውቀዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ትይዘዋለች። ለቅሶ ቤት ትይዘዋለች። የተመረቅኩ ቀን አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። እኔ ከመድረኩ ሆኜ ሳያት የምታለቅስ መስሎኝ «አሁን ምን ያስለቅሳታል» ብዬ ተናድጄባታለሁ።

«እትዬ፣ እባክዎ» አለ ፋብሪካው።

እናቴ የምታየው እሱን አልነበረም፤ እኔን ነው። ፊቷ ቀላ። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተወጠረ። እኔ ሥራ እንዳላጣ ብላ ወሰኑን በሙሉ አንገቷ ውስጥ ይዛዋለች። በእጄ የያዝኩትን ሜትር ዝቅ ብዬ ሳየው ቁጥር የለበትም። ሄጄ ጀርባዋን ልመታላት፣ «እማዬ፣ አትያዢው» ልላት ስል ሳሉ መጣ።

የመጣው ግን ከሕልሙ አልነበረም። ከጠረጴዛው በኩል ነው። ነቃሁ።

ነግቷል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ቅጹ ፊቷ ተዘርግቷል፤ ሳሉ እስኪያልፍላት ድረስ ገጹን በመዳፏ ተጭና ጠበቀች።

«ቀሰቀስኩሽ?»

«ሰዓት ደርሷል።»

«ስትለፈልፊ ነው ያደርሽው። 'እናቴ ናት፣ እናቴ ናት' ትያለሽ። ለማን ነበር የምታስረጂው?»

«ለጎመን» አልኳት።

አልሳቀችም። ጣቷን ዜሮው ላይ አደረገች። «ይኼ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

ተነስቼ እስክሪብቶ አነሳሁ፤ ዜሮውን ልሰርዝና አንድ ልጽፍ። እጄን ያዘችኝ።

«አንድ አይሆንም» አለች።

«ለምን? አንቺው ነሽ እንዳታስገቢኝ ያልሽው። አሁን ላስገባሽ ነው።»

«ብርድ ነው ያልኩት ለአንቺ ነው። እኛማ እርስ በርስ ስንጠራራ በሳላችን ነው የምንተዋወቀው።» በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «እኔ። ጥሩዬ። በላይነሽ። የቦይለሩ ሻምበል። አመለወርቅና እህቷ።» የአንድ እጇ ጣት አለቀና ወደ ሌላው አለፈች፤ ያም አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። «አሥራ ሰባት። የሞቱት ይቆጠራሉ?»

ቅጹን ቀና አድርጌ አየሁት። መልሱ የሚጻፍበት ሳጥን አንድ አሃዝ ብቻ ነው የሚይዘው። ከዘጠኝ በላይ ሰው ይጎዳል ብሎ ያሰበ የለም። ስለ ሞቱት የሚል ነገርም የለውም።

«ይቆጠራሉ» አልኳት።

«እንግዲያው ሃያ ሁለት።»

ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች።

«ወዴት ነው?»

«ያሉትን ልጠራቸው። ሰው ስሙ ከቅጹ ጀርባ ሲጻፍ አጠገቡ ሆኖ ይይ። ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚላከው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ይደርሳል። አንቺ ከጎረቤት በርጩማ ተዋሺ፤ መቀመጫ አይበቃንም» አለችና ወጥታ በሩን ዘጋችው።